ወይን ልንቀምስ ዝዋይ ወረድን

የአገራችን ሰው እንግዳውን ሲጋብዝ «በሞቴ!» ይላል። እንግዳው «በቃኝ» ያለ እንደ ሆነ «አፈር ስሆን!» ብሎ ይጨምርበታል። ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እስከ ኅዳር 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ሃያ ሦስት ሆነን በአንድ መለስተኛ አውቶቡስ ተሳፍረን የወይን ጠጅ ለመቅመስና የዝዋይን ሐይቅ ለማየት ከአዲስ አበባ ወጣን። የሄድነው እየዘፈንን ነው፤ የተመለስነው ግን በእኩለ ሌሊት፤ በሰው መኪና፤ አንገታችንን ደፍተን ነው። ከአንባቢዎች መካከል የመሥሪያ ቤት ጉዞ የሚያሰናዱ ቢኖሩ ከእኛ ስሕተት ይማሩ ዘንድ፤ አገሩም ሊታይ የሚገባው ስለ ሆነ፤ የዕለቱን ነገር ሳልደብቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

የጉዞው አሳብ

ነገሩ የተወለደው በሻይ ሰዓት ነው። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከየደመወዛችን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን የምንረዳዳበት ማኅበር አለን። ለቅሶ ሲሆን እናስተዛዝናለን፤ ሠርግ ሲሆን እናጅባለን፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከከተማ ወጥተን እንናፈሳለን። ከዚያ በፊት ሶደሬ ሄደናል፤ ወንጪም ወጥተናል። በዚያ ዓመት የሒሳብ ክፍሉ ወጣት «ዘንድሮስ እንደ ሠለጠነ ሰው ወይን እንቅመስ» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ግን አሳቡን ወደድነው። ጾመ ነቢያት ሳይገባ አንድ ሳምንት ቀደም ብለን ልንሄድ ተስማማን።

ፕሮግራሙን ያየ ሰው እንከን አያገኝበትም ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ በር እንነሣለን፤ በ3 ሰዓት ዝዋይ ደርሰን ቁርሳችንን እንበላለን፤ በ4 ሰዓት የወይኑን እርሻና ፋብሪካውን እንጎበኛለን፤ በ7 ሰዓት ምሳ፤ በ8 ሰዓት በሞተር ጀልባ ሐይቁን እንዞራለን፤ ሳይመሽ አዲስ አበባ እንገባለን። ሁለት ሰዎች የምግብ ኃላፊ ሆነው ተመረጡ። ድፎ ዳቦ፤ ዶሮ ወጥ በሁለት ድስት፤ የተቀቀለ እንቁላል በቅርጫት ተሰናዳ።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዞ የጓጉት የመዝገብ ቤታችን አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም «አባባ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ዶሴ ሲያወጡና ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። የእርሳቸው አሳብ ወይኑ አልነበረም፤ በሐይቁ ላይ ያለችውን የደብረ ጽዮንን ደሴት በሩቅም ቢሆን ለማየት ነው።

መንገዱ

በ12 ሰዓት የመጣን አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዱ ልብሱን ሊቀይር ተመልሶ ሄደ፤ አንዷ እኅቷን ልታመጣ፤ ሌላው «ቃሊቲ ላይ ጠብቁኝ» ብሎ ስልክ ደወለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ገና መንቀሳቀሳችን ነበር። ሾፌሩ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ፤ ንግግሩ ለስላሳ፤ መስተዋቱን ሦስት ጊዜ የሚወለውል ጠንቃቃ ሰው ነው። አንድ ቃል ሳይናገር ጠበቀን።

የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘን ወረድን። ከቱሉ ዲምቱ እንደ ታለፈ ሜዳው ይዘረጋል። በስተግራ የረር፤ በስተቀኝ ዝቋላ ይታያሉ። ዝቋላ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፤ በአናቱ ላይ ሐይቅ ይዟል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም ያለው በዚያ ነው። ጊዜው የመኸር ስለ ነበረ የጤፉ ማሳ ወርቅ መስሎ ተኝቷል፤ አጫጆች በመደዳ ጎንበስ ብለው ይታያሉ።

ሞጆ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ አዳማ ቀጥሎ ሐረርንና ድሬዳዋን ይይዛል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔና ሐዋሳ ይገባል። እኛ ሁለተኛውን ያዝን። ከዚህ በኋላ አየሩ እየሞቀ፤ ግራሩ እየበዛ ይሄዳል፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ገብተናልና። በስተግራ የቆቃ ሐይቅ ይብለጨለጫል። ይህ ሐይቅ አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. ነው። አዋሽን በድልድይ ተሻግረን፤ ዓለም ጤናን አልፈን፤ ቲማቲምና ሽንኩርት በመንገድ ዳር ተከምሮ የሚሸጥባት መቂ ደረስን።

«እዚሁ ቁርስ እንብላ» አሉ አባባ። የምግብ ኃላፊዎቹ ተነሡ። አንደኛው ሁለተኛውን አየው፤ ሁለተኛውም አንደኛውን። ድስቶቹንና ቅርጫቱን ያስጫነው ማን ነው? እያንዳንዱ ጓደኛው ያስጫነ መስሎት ነበር። ለካ ያ ሁሉ ምግብ ከመሥሪያ ቤቱ ሰገነት ላይ፤ ከዘበኛው ወንበር አጠገብ እንደ ተቀመጠ ቀርቷል! አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ጊዜው ረፍዶ ስለ ነበረና ጉብኝቱም እንዳያልፈን ስለ ፈራን «ምሳና ቁርሱን አንድ ላይ እንበላለን» ተባብለን አለፍን። የዕለቱ መከራ የተፀነሰው በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው።

የወይኑ እርሻ

ዝዋይ፤ ባቱም ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ውኃ ቅርብ ነው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ሥፍራ የወይን ችግኝ ማስተከል የጀመረው ይህንኑ አይቶ ነው። እርሻው ከመቶ ሄክታር በላይ ሲሆን፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የሚባሉት ወይኖች የተወለዱት በዚህ ነው።

እርግጥ ወይን መጥመቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲጠምቅ የቆየ ነው፤ ጉደርንና አክሱማይትን የማያውቅ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ቋንቋችንም ራሱ ይመሰክራል። ጠጅ ማለት ማርና ጌሾ ነው፤ የወይኑ መጠጥ ግን «የወይን ጠጅ» ተብሎ በጠጅ ስም ይጠራል። አባባ በመንገድ ላይ እንዳስረዱን ደግሞ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚቀርበው ከጠርሙስ የሚቀዳ ወይን ሳይሆን፤ የደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ነው።

አስጎብኚያችን የእርሻ ትምህርት የተማረች ወጣት ነበረች። ረድፍ ረድፉን ይዛ ወሰደችን። ግንዶቹ በሽቦ ላይ ተዘርግተው እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል። ሜርሎ፥ ሲራ፥ ካበርኔ ሶቪኞ፥ ሻርዶኔ እያለች የየዘሩን ስም ነገረችን። በአውሮፓ ወይን በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በብርዱ ይተኛል፤ በጸደይ ይነቃል። በእኛ አገር ግን የሚያስተኛ በረዶ ስለሌለ ግንዱን የሚያስተኛውና የሚቀሰቅሰው የገራዡ መቀስ ነው። እርሻውን የከበበ ሰፊ ቦይም አሳየችን። የተቆፈረው ጉማሬ፥ ጅብና ዘንዶ እንዳይገቡ ነው ስትለን፤ ከመካከላችን አንዱ ወደ ኋላው ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ።

ቀጥሎ ወደ መጥመቂያው ገባን። ትልልቅ የብረት ጋኖች በመደዳ ቆመዋል። የወይን ፍሬ ቀይም ሆነ ጥቁር ጭማቂው በአብዛኛው ነጣ ያለ ነው፤ ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ከነልጣጩ ስለሚፈላ ነው። ነጩ ግን ተጨምቆ ልጣጩ ይወገድና ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። እርሾው የፍሬውን ስኳር ይበላና አልኮልና አየር ያወጣል። ይህ ከጠላና ከጠጅ አጠማመቅ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ቢራ በተለምዶ ከመቶ አምስት እጅ ያህል አልኮል ሲኖረው፤ ወይን ግን ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ይደርሳል።

ቅምሻው

ወደ ቅምሻው ክፍል ስንገባ ጊዜው ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከማለዳ ጀምሮ ከሻይ በቀር እህል አልቀመስንም። ጠረጴዛው ላይ ባለ እግር ብርጭቆ፤ ጥቂት ዳቦ፤ ደግሞም በየሰው ፊት አንዳንድ ባዶ ዕቃ ተደርድሯል። አስጎብኚዋ ሦስት ነገር አሳሰበችን። ሳትበሉ አትቅመሱ፤ በጥቂቱ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት፤ ከዚያ በዚህ ዕቃ ውስጥ ትፉት። ቀማሽ የሚተፋው አዋቂነቱን ለማሳየት አይደለም፤ አራተኛውን ወይን ሲቀምስ ምላሱና አእምሮው እንደ መጀመሪያው ንጹሕ እንዲሆኑለት ነው።

«የከፈልኩበትን ልትፋ?» አለ የሒሳብ ክፍሉ ወጣት። ሳቃችንን ለቀቅነው። ከሃያ ሦስታችን የተፉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የጽሕፈት ክፍሏ እኅታችንና እርሷ ስትተፋ አይታ የተፋች ጓደኛዋ። አባባ በማግሥቱ ቅዳሴ ስለ ነበረባቸው ብርጭቆውንም አልነኩ። የቀረነው ጠጅ ቤት እንደ ገባ ሰው በአንድ ትንፋሽ እየጨለጥን ብርጭቋችንን ዘረጋን። ዳቦው ገና ሳይዞር አለቀ። አስጎብኚዋ ልኩን ቀድታ አቆመች። እኛ ግን ከመሸጫው ሁለት ካርቶን ገዝተን፤ ጉንጫችን እንደ በርበሬ ቀልቶ፤ እየተሳሳቅን ወጣን።

እዚህ ላይ በኋላ የተማርኩትን ልናገር። በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ፈጥኖ ስለሚወርድ ወደ ደም የሚገባውም ፈጥኖ ነው። ምግብ ያለበት ሆድ ያዘገየዋል። አንድ ጊዜ ወደ ደም ከገባ በኋላ ግን የሚያጠፋው ጉበት ነው፤ ጉበትም በራሱ ልክ እንጂ በእኛ ጥድፊያ አይሠራም። ቡና ዓይን ይገልጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃም ፊት ያነቃል፤ ከደም ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አያወጡም። የሚያወጣው ሰዓት ብቻ ነው።

በሐይቁ ዳር

ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን አሣ አዘዝን። የተሰናዳውም ለሁላችን አልበቃ ስላለ እስኪጠበስ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እስከዚያው ካርቶኑ ተከፈተ። የጀልባው ሰዓት አለፈ። አባባ ሁለት ጊዜ መጥተው «ልጆች፥ ጀልባው እኮ ይጠብቃል» አሉ። «እሺ አባባ፥ አሁን» አልናቸው። በሦስተኛው ጊዜ አልመጡም። ብቻቸውን ከውኃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ማዶ ይመለከቱ ነበር።

ማዶው ደግሞ ሊመለከቱት የሚገባ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ በቡልቡላ በኩል ተርፎ ወደ አብያታ ይወርዳል። የመሬት ጥናት ሊቃውንት እንደሚሉት ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ በጥንት ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። በውኃው ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉ ትልቋ ደብረ ጽዮን ናት፤ ቱሉ ጉዶም ትባላለች። በዮዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ከአክሱም ሸሽቶ በዚህች ደሴት ላይ ተሸሸገ ተብሎ ይነገራል። በደሴቶቹ ላይ የኖረው የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ቋንቋውም ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ከባሕሩ ዳር አባ ኮዳዎች መላጣቸውን ይዘው የአሣ አንጀት ይጠብቃሉ።

እኔ ግን ያን ጊዜ የምመለከተው ሾፌሩን ነበር። ከእኛ ራቅ ብሎ፤ ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ፤ ለስላሳ መጠጡን ይዞ አሣውን ለብቻው ይበላል። አዘንኩለት። አስተዳደጌ እንደ ሁላችሁ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ሲጠጣ አንድ ሰው ብቻውን ሲቀር ማየት አልወድም። ብርጭቆ ሞልቼ ሄድኩ።

«ወንድሜ፥ መሪ ይዣለሁ» አለኝ።

«አንዲት ብርጭቆ ምን ትሆናለች?»

«አይሆንም፤ ይቅርብኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሞቴ!» አልኩት።

ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ጓደኞቼ ተመለስኩ። ይህን ያዩ ሌሎች ደግሞ በየተራ ሄዱ። «የእርሱን ተቀብለህ የእኔን ልትንቅ ነው?» አለው አንዱ። «አንድ ያጣላል፥ ሁለት ያፋቅራል» አለው ሌላው፤ ለጉርሻ የተባለውን ለብርጭቆ አድርጎ። ስንት እንደ ጠጣ የቆጠረ የለም። ልንነሣ ስንል ዓይኑ ትንሽ መቅላቱን አይተን ሦስት ሲኒ ቡና አጠጣነው። «አሁን ነቅቷል» ተባባልን።

በመቂና በዓለም ጤና መካከል

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ ጭብጨባና ዘፈን ነበር። መቂን ስናልፍ ፀሓይ ጠልቃለች፤ መንገዱ ግራጫ ሆኗል፤ ከብት ወደ ቤቱ የሚገባበት፤ ሰው ሁሉ ወደ ቀዬው የሚቸኩልበት ሰዓት ነበር። እኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ነበርና ጋሪውን አየሁት። የውኃ ጀሪካን የተጫነ የአህያ ጋሪ ነው፤ መብራት የለውም፤ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። ሾፌሩም የሚያየው መሰለኝ። መሪውን ያጠመዘዘው ግን አንዲት ቅጽበት ዘግይቶ ነበር።

የአውቶቡሱ ጎን ጋሪውን መታው። እኛም ተንሸራተን ከመንገዱ ወጣንና ከቦይ ውስጥ ተጋድመን ቆምን። መስተዋት ረገፈ፤ ሁለት ሰዎች ግንባራቸው ተጫረ። ዘፈኑ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው ከተቀደደ ጀሪካን የሚፈስ ውኃ ነበር።

በመስኮት ወጣን። አህያው ሞቷል። የጋሪው ነጂ የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ፤ ከመንገዱ ዳር ተጥሎ ግራ ክንዱን አቅፎ ይጮኻል። «ሐሬ ኮ! ሐሬ ኮ!» ይላል። ክንዱ የታመመው መስሎኝ «አይዞህ፥ አይዞህ» አልኩት። አባባ ኦሮምኛ ያውቃሉ። ከአጠገቤ ተንበርክከው «ስለ ክንዱ አይደለም» አሉኝ። «አህያዬ ነው የሚለው።»

ከሁላችን ቀድማ የተሰበሰበችው የጽሕፈት ክፍሏ እኅታችን ነበረች፤ ሳትጠጣ የቀረችው። የካርቶኑን ወፍራም ወረቀት ቀዳ፤ በነጠላዋ ጠምጥማ፤ የልጁን ክንድ ከደረቱ ጋር አሰረች። አንድ የጭነት መኪና ቆመልንና እርሷና እኔ ልጁን ይዘን ወደ መቂ ተመለስን። በሐኪም ሲታይ የክንዱ አጥንት ተሰብሯል፤ ነገር ግን ቆዳውን ቀዶ አልወጣም ነበር። ልጁ በመንገድ ሁሉ አላለቀሰም። የእኔን አፍ የሚሸተውን ግን ፊቱን እያዞረ ይሸሸው ነበር።

በግራሩ ሥር

ስንመለስ ጨልሟል። የአካባቢው ሰው ተሰብስቧል፤ የትራፊክ ፖሊስም መጥቶ ይለካል፤ ይጽፋል። የልጁ አባት የሞተውን አህያ ማሰሪያ በእጁ ይዞ ቆሟል። አንዳች ክፉ ነገር ይደርስብናል ብለን ፈርተን ነበር። ሰዎቹ ግን ክፉ አላደረጉብንም። ሽማግሌዎቻቸው ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጡ፤ እኛንም አስቀመጡን። አባባ በመካከል ሆነው ያስተረጉሙ ነበር፤ በአንድ የስልክ መብራትም ስምምነቱን ይጽፋሉ።

ገንዘብ ያዣችን አፉን ሊከፍት ፈለገና ከካሳው ጋር የቀሩትን የወይን ጠርሙሶች ጨምረን እንስጥ አለ። ዋናው ሽማግሌ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ይህ ልጅ የተመታው ውኃ ሲያመላልስ ነው። የእናንተን ጠርሙስ ምን እናደርገዋለን?» አሉ። ገንዘብ ያዣችን ተቀመጠ።

ከዚያ «ይህን ሰው ያጠጣው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሃያ ሦስት ሰዎች መሬት መሬት አየን። ሾፌሩ ተነሣና «ብርጭቆውን ወደ አፌ ያነሣሁት በገዛ እጄ ነው። ማንንም አልከስም» አለ። እውነቱን ልናገር። ይህን ሲል ለአንድ አፍታ ቅልል አለኝ። ነገሩ በእርሱ ላይ አልቋል ብዬ አሰብኩ። በመሥሪያ ቤት የለመድኩት እንደዚህ ነው፤ ፊርማው የማን እንደ ሆነ ይታያል እንጂ ማን እንዳስፈረመ አይጠየቅም። ቀና ስል ግን አባባ ብዕራቸውን ይዘው ያዩኛል። ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ሁሉንም አይተዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ተነሣሁ። «መጀመሪያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎኝ ነበር። በሞቴ ብዬ አስጠጣሁት» አልኩ። አባባ ተረጎሙት። ሽማግሌው «ስሙ ይጻፍ» አሉ። አባባም ጎንበስ ብለው፤ ሠላሳ ዓመት ዶሴ ላይ እንደሚጽፉት አድርገው፤ አጥርተው ጻፉት። ከዚህ በኋላ ሌሎችም አንድ በአንድ ተነሡ። ወረቀቱ ላይ የሰባት ሰው ስም ሰፈረ።

ካሳው የአህያው ዋጋ፤ የጋሪው ማሠሪያ፤ የልጁ ሕክምና፤ ልጁ እስኪድን ድረስም ከውኃ ሥራው የሚቀርበት ገቢ ሆነ። ከማኅበሩ ገንዘብ ላይ የጎደለውን ሰባታችን ከደመወዛችን ሞላን። ይሁን እንጂ ሽምግልና ካሳውን ይጨርሳል እንጂ የሕግን ጉዳይ አይሽርም። ጠጥቶ መንዳት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ሾፌሩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ተቀጣ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፤ ሥራውንም አጣ። እኔም ሄጄ ያየሁትንና ያደረግሁትን መሰከርኩ። ቃሌ ቅጣቱን ትንሽ አቅልሎለት ይሆናል፤ ሥራውን ግን አልመለሰለትም። ሌላ እንጀራ እስኪያገኝ ድረስ ማኅበራችን በየወሩ ረዳው። በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጠኛል። እኔ ነኝ ቀና ብዬ ማየት የሚያቅተኝ።

እንደገና ወደ ዝዋይ

በጥር ወር፤ ከጥምቀት በኋላ፤ አባባና እኔ በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረን ወረድን። የልጁ ክንድ ድኗል፤ አዲሱን አህያ ውኃ እያጠጣ አገኘነው። እናቱ ቡና አፈላች። አባቱ ለአባባ ወተት፤ ለእኔም ወተት አቀረበ። ሆዴ ሞልቶ ስለ ነበር ግማሹን መልሼ አስቀመጥኩ። አባትዮው «ጨምር» አላለኝም። ፈገግ ብሎ ዋንጫውን አነሣ።

በማግሥቱ ማለዳ በጀልባ ወደ ደብረ ጽዮን ተሻገርን። ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አባባ ደሴቲቱን በሩቅ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እስክንደርስም አላደረጉትም።

እናንተም ወደ ዝዋይ ለመውረድ ያሰባችሁ እንደ ሆነ አገሩ መልካም ነው፤ ሂዱ። ምግቡን ማን እንዳስጫነ ሳታረጋግጡ አትነሡ። ሳትበሉ አትቅመሱ፤ መትፋትም አትፈሩ። ጀልባውን ከወይኑ አስቀድሙት፤ ሐይቁን በነቃ ዓይን ማየት ይሻላልና። ሾፌራችሁን ከማዕዳችሁ አቅርቡት፤ አሣውን አብራችሁት ብሉ፤ አጫውቱት፤ ብቻውንም አትተዉት። ነገር ግን «መሪ ይዣለሁ» ሲላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ በሉትና ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በሞቴ አትበሉት።